ጋሼ ጠቅና ያልመጣው ሰው

ጠቅ።

የዛሬው ማብሪያ ማጥፊያ እንዲህ አይልም፤ ጣት ሲነካው ዝም ብሎ ይታዘዛል። የዚያን ጊዜው ግን ከግድግዳው ጉጥ ብሎ የወጣ፣ ጥቁር ክብ ነገር ነበር። ሲጫኑት በምላሱ እንደሚያሽሟጥጥ ሰው ጠቅ ይላል። ያቺ ጠቅታ በሆስፒታሉ ረጅም ኮሪደር እስከ ጫፍ ሄዳ፣ የመጨረሻውን ግድግዳ ነክታ ትመለሳለች። በዚያ ሆስፒታል ነርስ የነበረችው ሲስተር ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ፣ እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል አንዳንዴ ትሰማታለች። ከጠቅታዋ በፊት አንድ ጥያቄ፣ ከጥያቄው በኋላ ደግሞ ትንሽ ጸጥታ ካለ፣ ያለ ጥርጥር የጋሼ ጠቅ ናት።

መብራት አጥፊ የሌለበት መሥሪያ ቤት በምድር ላይ የለም። ትምህርት ቤት ብትሄዱ አለ፤ ባንክ ብትሄዱ አለ፤ በአንዳንዱ ቤት ውስጥም አባወራ ሆኖ ይገኛል። ያገለገለ ፖስታ ገልብጦ የሚጽፍበት፣ እርሳስ ከጥፍሩ እስኪያጥር የማይጥል፣ አብሮት ሻይ የሚጠጣውን ሰው ሁለተኛ ማንኪያ ስኳር ለመጨመር የሚያሳቅቅ ሰው ነው። የተቀጠረበት ሥራ ምንም ይሁን ምን፣ የተፈጠረበት ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ በዚህ ዓለም ያለ አግባብ የበራውን ሁሉ ማጥፋት።

የሆስፒታሉ ክቡር የበጀት ኃላፊ፣ በጽዳት ሠራተኞች አጠራር ጋሼ ጠቅ፣ የእነዚህ ሁሉ አለቃ ነበሩ። ረጅምና ቀጭን ናቸው። የጫማቸው ሶል ቶሎ እንዳያልቅ ከሥሩ ላስቲክ ስላስለጠፉበት ሲመጡ አይሰሙም፤ የሚሰማው ጥያቄያቸው ብቻ ነው። ሲመሻሽ፣ የቀን ሠራተኛው ሲወጣ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ይነሱና በየክፍሉ በር እየቆሙ «ሰው አለ?» ይላሉ። ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ።

ሰውን የሚያስፈራው ይህ አጠባበቃቸው ነበር። ክፍሉ ባዶ መሆኑን በዓይናቸው እያዩ፣ መልስ እንደሚሰጠው ሰው፣ በትሕትና ነበር የሚጠብቁት። መልስ ሲያጡ፣ ጠቅ። ቀጥሎ ወዳለው በር። «ሰው አለ?» ጸጥታ። ጠቅ። ጨለማው ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ፣ እሳቸው ሲቆሙ እየቆመ፣ ሲሄዱ እየሄደ፣ ኮሪደሩን አብረው ይጨርሱታል። ከጽዳቶቹ አንዷ አንድ ምሽት ከራጅ ክፍሉ «አለ» የሚል ድምፅ እንደ ወጣ፣ ጋሼም «ይቅርታ» ብለው መብራቱን ሳያጠፉ በሩን ቀስ አድርገው እንደ ዘጉት ትናገር ነበር። የራጁ ማሽን ተበላሽቶ ያን ሰሞን ክፍሉ እንደ ተቆለፈ ነበር ብላም ትምላለች። ከዚያ ወዲያ በዚያ በር የምታልፈው እየሮጠች ነው።

ሕያዋንም አላመለጡም። አንድ ቀን ሜዲካል ዳይሬክተሩ መጸዳጃ ቤት ሳሉ ጥያቄው መጣ። ከዚያ ቦታ ሆኖ «አለ» ማለት ለዳይሬክተር ክብር አይመጥንምና ዝም አሉ። ጠቅ። በማግሥቱ ቅሬታ ሲያቀርቡ ያገኙት መልስ «ጠይቄ ነበር» የሚል ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ስብሰባው እየተንዛዛ፣ አንድ ቁም ነገር የሚናገር ጠፍቶ ሲቆይ፣ ጋሼ ጠቅ ከመቀመጫቸው ተነስተው መብራቱን አጠፉት። «ሰው ያለ አልመሰለኝም» ሲሉ ተሰሙ፣ በጨለማው ውስጥ።

ባለቤታቸው ለደም ግፊት መድኃኒት ስትመጣ ለሲስተር የነገረቻት ግን ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ሰውየው ከማቀዝቀዣው ጋር ጠብ አላቸው። በሩ ሲዘጋ ውስጡ ያለው መብራት በእርግጥ መጥፋቱን ማን አየ? እጀታውን እንደ ሌባ ቀስ አድርገው ይስቡታል፤ መብራቱን ሁልጊዜ በርቶ ያገኙታል። «ስለ ከፈትኩት ነው የበራው፣ ወይስ ጭራሹን አልጠፋም ነበር?» እያሉ ወጥ ቤት ቆመው ያስባሉ አለች። እየሳቀች ነበር የምታወራው፤ መጨረሻ ላይ ግን ሳቋ ከዓይኗ ጠፋ። «እኔ ራሴ አሁን ማታ ማታ ብቻዬን መክፈት እፈራለሁ» አለች።

ሲስተርና ጋሼ ጠቅ የተጋጩት በአንዲት ጠባብ ክፍል የተነሣ ነው። ክፍሏ ከድንገተኛ ሕክምናው ጎን፣ በመንገዱ በኩል አንዲት መስኮትና አንድ በር ያላት፣ ድሮ አንሶላ የሚከማችባት ነበረች። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ መደበና ሲስተር ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ አምፖል አስገብታ ሥራ ጀመረች።

ሥራው እንዲህ ነው። በጩቤ ወይም በዱላ የተጎዳ ጎረምሳ ይመጣል፤ ይሰፋል፣ ይታሸጋል፣ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ወይ ራሱ ሊበቀል ይሄዳል፣ ወይ ጓደኞቹ ቀድመውታል። ትንሽ ቆይቶ ያው አልጋ ላይ፣ ወይ እሱ ወይ የወጋው ልጅ ይተኛል። ሲስተር በድንገተኛ ክፍል በሠራችበት ዘመን አንዱን ገላ ደጋግማ ሰፍታለች፤ በመጨረሻ ሲመጣ ግን መርፌም አላስፈለገውም። ስለዚህ ክሩ ገና ሳይቋጠር፣ ማደንዘዣው ምላሱን እያሰረው ሳለ አጠገቡ ቁጭ ትልና «አሁን ውጭ የተናደደልህ ማን ነው?» ትለዋለች። ከመልሱ የጓደኞቹን ሰፈር፣ የእናቱን ቤት፣ የአሠሪውን ደጅ ታገኛለች። ትሄዳለች፤ ትለምናለች፤ ትቆጣለች፤ ሥራ ታፈላልጋለች። ልጁ ድኖ ሲወጣም መስኮቷን በውጭ በኩል ታሳየዋለች። «ይህ መብራት ከበራ ሰው አለ ማለት ነው። ደምህ ሲፈላ፣ ወደዚያ ከመሄድህ በፊት እዚህ ግባ» ትለዋለች። ስለዚህም እሷ ሰፈር ለሰፈር ስትዞር እንኳ መብራቱ መብራት ነበረበት።

ባዶ ክፍል፣ የበራ አምፖል። ጋሼ ጠቅ በሩ ላይ ቆመው እንደ ልማዳቸው ጠየቁ።

«አለ» አለች ሲስተር ከኋላቸው፣ ከኮሪደሩ እየመጣች።

ወደ ወንበሩ አዩ። «የታል?»

«አልመጣም።»

«ያልመጣ ሰው አለ ይባላል?»

«ስላለ ነው ያልመጣው፣ ጋሼ። ባይኖር ያመጡት ነበር።»

ጋሼ ጠቅ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ብዙ ቆሙ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለአስታማሚ መርዶ እንደሚነግር ሐኪም፣ ችግራቸውን አስረዷት። ለመጣ ሰው የሂሳብ መደብ አላቸው። ለጓንት፣ ለክር፣ ለደም፣ ለአንሶላ፣ ለሬሳ ክፍሉ ሳሙና ሳይቀር መደብ አላቸው። ላልመጣ ሰው ግን መደብ የላቸውም። ሲስተር እያዳመጠች መብራቱንና እጃቸውን ታያለች። እሷ ቆማ ሳለች ማጥፋት አይችሉም ነበር፤ ሰው አለና።

ከዚያ በኋላ በየምሽቱ መምጣት ያዙ። ጽዳቶቹ ከመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር «ያልመጣው ሰው ወንበር» ብለው ሰየሙት፤ ይወለውሉታል እንጂ አይቀመጡበትም። አንድ ቀን ጋሼ ጠቅ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን መቀመጫው ላይ አሳረፉ።

«ሞቋል» አሉ።

ሲስተር የልብስ ማጠቢያው የሞቀ ውኃ ቧንቧ በግድግዳው ጀርባ እንደሚያልፍ ነገረቻቸው። ጋሼ መዳፋቸውን አላነሱም። ማጠቢያው ዛሬ ውኃ አላሞቀም፤ ናፍጣውን የከለከሉት ራሳቸው ናቸው። ይህን ሲነግሯት ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ የለም። ሁለቱም ወንበሩን አዩት፤ ከዚያ እርስ በርስ ላለመተያየት ሲሉ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ድርጅቱ ድጋፉን እንደሚያቆም አስታወቀ። ወይ ሆስፒታሉ ሥራውን በራሱ በጀት ይይዘዋል፣ ወይ ክፍሏ ወደ አንሶላዋ ትመለሳለች። የውሳኔ ሐሳቡን የሚያቀርቡት ደግሞ ከሰው ሁሉ ጋሼ ጠቅ ሆኑ። የሥራ ባልደረቦቿ ሲስተርን ኮሪደር ላይ ሲያገኟት እጇን እየጨበጡ እግዜር ያጽናሽ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

እሷን ግን የጨነቃት ስለ ክፍሏ ብቻ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ጎማ የሚጠግን አንድ ልጅ፣ ጎሚስታው የምትለው፣ ከጎኑ ስፌቱ ገና መውጣቱ ነበር። የወጋው ሰው አውቶቡስ ተራው ላይ እንደ ልቡ ይውላል። የሚዝቱ ልጆች አያስፈሯትም፤ ዛቻ ይወጣል፣ ይበርዳል። ጎሚስታው ግን ስለ ነገሩ አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ስትጠይቀው ፈገግ ይላል፣ ስለ ጎማ ያወራል። ይህ መብራት ከጠፋ ያ ልጅ ወዴት እንደሚሄድ ግን ታውቀዋለች።

ጋሼ ጠቅ ቢሮ ሄዳ ያላትን ሁሉ አቀረበች። ክፍሏ ከተከፈተች ወዲህ ተመልሰው የሚመጡት ቁስለኞች መቀነሳቸውን አሳየቻቸው። ጋሼ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንቺ ባትኖሪም ላይመጡ ይችሉ ነበር።»

«ይችሉ ነበር።»

«ታዲያ በምን ይታወቃል?»

ሲስተር ደክሟት ነበር። «አይታወቅም። አጥፍተው ካላዩት በቀር» አለች፣ ተነስታም ወጣች። በሩን ስትዘጋው ነው የተናገረችው የገባት። ለዚያ ሰው፣ ለማቀዝቀዣው ሰው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

በማግሥቱ ሲያካፋ ዋለ። ሲመሻሽ ሲስተር ጎሚስታው ወደሚሠራበት ጋራዥ ጎራ ብትል፣ ልጁ ቀደም ብሎ ወጥቷል። አሠሪው የጎማ መፍቻው ብረት ከቦታው እንደ ጠፋ እያጉረመረመ ይፈልግ ነበር። ሲስተር፣ አስቀድሞ ወደ መስኮቱ መጥቶ ይሆናል ብላ፣ ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰች። በሆስፒታሉ የጓሮ በር ገብታ በኮሪደሩ ስትሮጥ የራሷ ጫማ ኮቴ ከፊቷ የሚሮጥ ሰው ይመስላል። ክፍሏ ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ውስጡ ጨለማ ነው።

ባዶ መስሏት እጇን ወደ ማብሪያው ልትዘረጋ ስትል፣ ከጨለማው ውስጥ አንድ ሰው በጣም ዝግ ባለ ድምፅ «ሰው አለ?» አለ።

እሷን አልነበረም የሚጠይቀው። ከግድግዳው ተጣብቆ የቆመ ረጅም ጥላ፣ ፊቱን ወደ ባዶው ወንበር አዙሮ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይጠብቃል። ሲስተር አንድ እርምጃ ወደ ኮሪደሩ አፈገፈገች። ጥላው ጋሼ ጠቅ መሆናቸውን ስታውቅ እንኳ ፍርሃቷ አልቀነሰም። አጥፍተው እያዩ ነው። እጃቸው ከማብሪያው ላይ አልተነሣም፤ ዓይናቸው ደግሞ ከወንበሩ ወደ መስኮቱ ሄዶ እዚያው ቀርቷል።

እሷም አየች። መንገዱ ላይ፣ ካፊያው ውስጥ፣ አንድ ሰው ቆሞ ጨለማውን መስኮት ያያል። ፊቱ አይታይም። አንድ እጁ ጃኬቱ ውስጥ ነው፤ ጃኬቱን ከውስጥ ቀጥ ያለ ነገር ወጥሮታል። ቆመ፣ ቆመ፣ አሁንም ቆመ። መብራቱን የሚጠብቅ ሳይሆን አለመብራቱን የሚያረጋግጥ ይመስል ነበር። ከዚያ ትከሻውን ሰበቀና ወደ አውቶቡስ ተራው ዞሮ መራመድ ጀመረ።

ጠቅ።

ሲስተር በኖረችበት ዘመን ሁሉ ያቺን ጠቅታ ሲያበሩባት ሰምታ አታውቅም ነበር። ብርሃኑ በመስኮቱ ወጥቶ በእርጥቡ መንገድ ላይ ተነጠፈ፤ ጫፉ የልጁን ተረከዝ ነካው። ልጁ ቆመ። ቀስ ብሎ ዞረ።

ዘላ ልትገባ አሰበች፤ ተወችው። ደሙ የፈላን ልጅ ሁለት ሰው ባንዴ ከተቀበለው ወጥመድ ይመስለዋል። ኮሪደሩ ጨለማ ውስጥ ትንፋሿን ይዛ ቀረች። በመንገዱ በኩል ያለው በር ተንኳኳ።

«ሰው አለ?» አለ ጎሚስታው።

ጋሼ ጠቅ ወደ በሩ ዞሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥያቄው የእሳቸው ነበር፤ መልሱን ለምደውት አያውቁም። ሲስተር በበሩ ስንጥቅ ወደ ባዶው ወንበር ሲያዩ ታያቸዋለች። ልጁ አንድ እግሩን ወደ ኋላ ሲመልስ ሰማችው።

«አለ» አሉ ጋሼ። ድምፁ ከሌላ ሰው የተዋሱት ይመስላል።

ልጁ ገባና ያልመጣው ሰው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ብረቱን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አጋደመው። ጋሼ ጠቅ ልጅ ማባበል አያውቁም፤ የተናደደልህ ማን ነው ብሎ መጠየቅም አልተማሩም። የሚያውቁትን ጠየቁ።

«ይህ ንብረት የማን ነው?»

«የጋራዡ ነው፣ ፋዘር። ነገ እመልሰዋለሁ።»

«ነገ የሚመለስ ከሆነ ዛሬ ለምን ወጣ?»

ልጁ ወደ ብረቱ አየ። ጋሼ ጠቅ የሰው ንብረት ያለ ፈቃድ ወጥቶ በዝናብ ሊንከራተት እንደማይገባ ኮስተር ብለው አስረዱት፤ እያስረዱም ብረቱን ከጉልበቱ ላይ አነሡት። ያለ ደረሰኝ ንብረት መረከብ ደግሞ በሕይወታቸው አድርገውት አያውቁም። ከደረት ኪሳቸው የደረሰኝ ጥራዝ አውጥተው፣ በዚያች አጭር እርሳስ፣ እየጻፉ አነበቡለት። «አንድ የጎማ መፍቻ ብረት፣ ያገለገለ፣ ጫፉ ዝገት የጀመረው፣ በአደራ ተረከብኩ። ፈርም።» አስፈረሙት። ቅጂውን ቀድደው ሰጡት። «ጠዋት ይህን ይዘህ ና። ደረሰኙ ከጠፋ ብረቱም ጠፋ።»

ልጁ ወረቀቱን አየ፤ ሰውየውን አየ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲስተር መጀመሪያ ሳቅ መስሏት ነበር። ሳቅም ነበረበት። ወደ ክፍሉ የገባችው ያን ጊዜ ነው።

ጠዋት ጎሚስታው ደረሰኙን ይዞ መጣ፤ ብረቱን ተረከበና ወደ ሥራው ሄደ። የሆነው ይኸው ነው።

በበጀቱ ስብሰባ ላይ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው ስላልነበሩ በጥሩ ቃል ነው የጀመሩት። ሥራው ያማረ ነው፤ ጥቅሙን አይክዱም። ግን አንድ ልጅ ሳይወጋ ሲቀር የሚተርፈው ለፖሊስ ነው፣ ለፍርድ ቤት ነው፣ ለእናቲቱ ነው፤ የሚከፍለው ግን ሆስፒታሉ ነው። ሌላው ለሚያተርፍበት እኛ ለምን እናወጣለን? ደግሞስ የሚወጋ እንደ ነበር በምን ይታወቃል? ይህን ብለው ወደ ጋሼ ጠቅ ዞሩ። ሲስተር ዓይኗን ጨፈነች፤ የምትጠብቀው ጠቅታዋን ነበር።

«አጥፍቼ አየሁት» አሉ ጋሼ ጠቅ።

«እና?»

«ሲሄድ አየሁት። አበራሁት። ተመለሰ።»

«ከዚያስ ምን ሆነ?»

«ምንም።» ጋሼ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ክር አልወጣም፣ ደም አልወጣም፣ አልጋ አልተያዘም። ምንም አልሆነም። እኔ ብዙ ነገር ገዝቻለሁ፣ ዶክተር። ምንም የሚባለውን ዕቃ ከዚህ ባነሰ ዋጋ የሚሸጥልን ካለ ይምጣና ይጫረት።»

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ሲባል፣ ጋሼ ጠቅ ትንሽ አፈር አሉ። ባጠፉት መብራት፣ በገለበጡት ፖስታ፣ በከለከሉት ናፍጣ የተረፈው ሁሉ መጠባበቂያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ለምን እንደሚያስቀምጡት እስከ ዛሬ ራሳቸውም አያውቁም ነበር። የሚበቃው ግን ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ከርሞ ሲስተር እንደገና ትጠይቃለች፤ እሳቸውም እንደገና በምን ይታወቃል ይላሉ፤ ይህን ካሁኑ ትወቀው። ቃለ ጉባኤ ያዡ የመደቡ ስም ምን ይባል ብሎ ጠየቀ። ጋሼ አላመነቱም። «ያልመጡ» አሉ።

የዚያን ዕለት ሲመሻሽ ሲስተር ክፍሏ ውስጥ ነበረች። ከበሩ ጥያቄው መጣ፤ «አለ» አለች። ጋሼ ጠቅ ገብተው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ያልመጣው ሰው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልታመሰግናቸው ስትል በእጃቸው አስቆሟት። የመጡት ለምስጋና አይደለም፤ ወንበሩ ይሞቅ እንደሆነ ሊያዩ ነው።

«ይሞቃል?»

አሰቡበት። «ይሞቃል።»

«ቧንቧው ነዋ።»

«ቧንቧው ይሆናላ» አሉ ጋሼ። ናፍጣ ዛሬ ፈቅደው እንደሆነ እሷ አልጠየቀችም፤ እሳቸውም አልነገሯትም።

ውጭ ያካፋል። በመንገዱ አንድ ሰው ሲያልፍ፣ ብርሃኑ ጋ ሲደርስ እርምጃውን አቀዘቀዘ፤ ወደ መስኮቱ አየ፤ መንገዱን ቀጠለ። ማን እንደ ሆነ፣ ወዴት ሊሄድ እንደ ነበር፣ ሁለቱም አላወቁም። ሲስተር ግን ጋሼ ጠቅ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰውየውን እስኪርቅ ሲሸኙት አየች፤ ይህን ሽማግሌ ምን ያህል እንደምትወደው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ቆይተው ተነሡ። ኮፍያቸውን አደረጉ፤ ደኅና እደሪ እንኳ ሳይሉ ወጡ። ሲስተር ጠቅታዋን ጠበቀች። አልመጣችም። ከጎን ካለው ክፍል «ሰው አለ?» ሲሉ ሰማች። ጸጥታ። ጠቅ። ከዚያ ቀጥሎ ካለው። ጸጥታ። ጠቅ። ኮሪደሩ በር በበር እየጠቆረ ሄደ፤ ጨለማው ደጇ ድረስ መጥቶ ቆመ፤ አልገባም።